ከሐይቁ ሥር የወጣው ቴርሞሜትር ለምን ሁሌ 21 ያነባል?

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር በጀልባ ገብተን ቴርሞሜትር በገመድ እያሰርን 10፣ 20፣ 40 ሜትር ብናወርድም ሲወጣ ሁሌ እንደ ላይኛው ውሃ 21 ዲግሪ ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መምህር፣ ቴርሞሜትርዎ ደህና ነው። ታች ሳለ የታችኛውን ሙቀት ይዞ ነበር፤ ስትጎትቱት ግን በሞቀው ውሃ ሲያልፍ እሱን መሰለ። እናንተ የምታነቡት የመጨረሻዋን ሜትር ነው።

ደሴ ላይ ቴርሞሜትርና ሚዛን ስጠግን ኖሬአለሁ፤ ይህ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ፍራም የምትባለዋን ባለሸራ መርከብ አስታውሳለሁ። የኖርዌጂያዊው አሳሽ የናንሰን ቡድን ከ1893 እስከ 1896 እ.ኤ.አ. በሰሜን ዋልታ በረዶ ተይዛ ስትንሳፈፍ ባሕሩን ይለካባት ነበር። የዚያ ባሕር ነገር የሐይቅ ተቃራኒ ነው፤ ላይኛው ውሃ ከዜሮ በታች ሲሆን ከ200 ሜትር ገደማ በታች ከዜሮ በላይ የሞቀ ውሃ አለ። የእናንተ ዓይነት ቴርሞሜትር ቢያወርዱ ኖሮ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ያ ሙቅ ውሃ ሳይታወቅ ይቀር ነበር። ስለዚህ ታች ሲደርስ የሚገለበጥ ቴርሞሜትር ነበራቸው፤ ሲገለበጥ ሜርኩሪው ቀጭኗ አንገት ላይ ተቆርጦ እንዳለ ይቀራል።

እናንተ ሰም ይበቃችኋል። የቴርሞሜትሩን አምፖል (ፈሳሹ የተጠራቀመበትን ጫፍ) ጭብጥ በሚያህል ሰም ሸፍኑት፣ ቁጥሩ ብቻ ይታይ። አደራ፣ የቀለጠ ሰም አታፍሱበት! ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሆነ እስከ 50 ብቻ የሚለካ ቴርሞሜትር ይፈነዳል። ፀሐይ ላይ አለስልሳችሁ በእጅ እያሻችሁ ለጥፉት። ሰም ይንሳፈፋልና ድንጋይ እሰሩበት። ታች ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይቆይ፤ ሰሙ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ሲወጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ገመዱን ከተንሳፋፊ ጀሪካን ጋር አስራችሁ ጠዋት ብትመለሱ ደግሞ ይበልጣል። ሲወጣ ቶሎ ጎትቱና ወዲያው አንብቡ።

ገመዱንም እዩት። ነፋስ ጀልባውን ሲገፋ ገመዱ ይዘማል። 40 ሜትር ገመድ ከቀጥታው 30 ዲግሪ ቢያዘም ጥልቀቱ 35 ሜትር አይሞላም። አንድ ተማሪ ፕሮትራክተር ይያዝና ከእያንዳንዱ ንባብ ጎን ማዕዘኑን ይጻፍ። ናይለን ገመድ ደግሞ ይለጠጣልና ምልክቱን ከማድረጋችሁ በፊት አርጥባችሁ ድንጋዩን አንጠልጥሉበት።

ከማውረዳችሁ በፊት በባልዲ ሞክሩት፦ በቀዝቃዛ ውሃ ሦስት ሰዓት አቆይታችሁ አውጡና ሁለት ደቂቃ በእጃችሁ ያዙት። ንባቡ ግማሽ ዲግሪ እንኳ ከተነቃነቀ ሰም ጨምሩ።