በሩ ላይ ድሪቶ ብሰቅል ሰው ምን ይለኛል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉልኝ? ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ። የቆርቆሮ በሩ አይገጥምም። ጥቅምት ከገባ ወዲህ ሌሊት በበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ እንቅልፍ ነስቶኛል። አከራዬን ባስቸግራቸው "ቆይ፣ አሠራዋለሁ" ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም። እናቴ ከመሐል ሜዳ በእጇ የሰፋችውን ድሪቶ ልካልኛለች። በሩ ላይ ልስቀለው አልኩና፣ ሰው ሲመጣ አፈርኩ። ደግሞስ እውነት ብርድ ያስቀራል?
ተከራይዋ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የሀገሬ ልጅ፣ ስቀይው! የሚስቅ ካለ ታኅሣሥ ላይ ጥሪውና በሩ ሥር አስተኚው።

እኔም መንዝ ነው ያደግኩት። የእናቴ ድሪቶ ያለቀ ባና፣ የወንድሜ ሱሪና የአባቴ ኮት ነበረበት። የኮቱን ኪስ ሳትፈታ ነው የሰፋችው። እኔና ወንድሜ ቆሎ እንደብቅበት ነበር፤ ሌሊት ስንገላበጥ ይንኮሻኮሻል።

ያለሽበት ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል የቀኑ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ በኖ ይሄዳል። ድሪቶ የሚያሞቀው በድርብርቡ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ጋቢም አራት ድርብ የሆነው ለዚሁ ነው። ነፋስ በጎን ከገባ ግን ዋጋ የለውም። ስለዚህ ማታ ጧፍ አብሪና በበሩ ዙሪያ ቀስ እያልሽ አዙሪ። ነበልባሉ ጎንበስ ያለበት ቦታ ቀዳዳሽ እሱ ነው። ጧፉን ከድሪቶው አርቂ፣ አደራ።

ሲሰቀል በግራም በቀኝም ከበሩ አንድ ስንዝር ይለፍ፤ ታቹ መሬት ይንካ። በምስማር እንዳትመቺው! እኔ መትቼው በወሩ ተተረተረ። ይባስ ብሎ ጀርባው ሻገተ። የሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናላ። ላዩ ላይ ማንጠልጠያ ስፊና የመጋረጃ ብረት አሳልፊበት። ጠዋት ጠዋት አውርደሽ ፀሐይ ላይ አስጪው።

ለበሩ ሥር ደግሞ የአሮጌ ሱሪ እግር ቁረጪ። አሸዋ ሙይበት፣ ሁለቱንም ጫፍ ስፊ። ማታ በእግርሽ ገፋ ታደርጊዋለሽ፣ አለቀ።

አሁን ልቆጣሽ ነው። በሩን ደፍነሽ ከሰል ይዘሽ እንዳትገቢ! "ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም" የሚሉሽን አትስሚ። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። እንቅልፍ እንደያዘሽ ይወስድሻል። ቡናሽን በሩን ከፍተሽ አፍዪ፤ ከዚያ ምድጃውን ደጅ አውጪ። እግርሽ ከበረደሽ ሞቅ ያለ ውሃ ሃይላንድ ውስጥ ጨምረሽ በጨርቅ ጠቅልዪና ታቀፊው። የፈላ አይሁን፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል።

አከራይሽን ግን መጨቅጨቅ አትተዪ፤ በሩ የሳቸው ነው።

እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ጠርዙን በምን ክር ሰፋችው? የኔ እናት በበግ ጠጉር ፈትል ነበር፤ ጨርቁ አልቆ ስፌቱ አላለቀም።