ቪታራዬ ሱባን ትችላለች?

ክረምቱ ወጣ፣ የሚመጣልን ጥያቄም አብሮ ተለወጠ። በነሐሴ ስለ ዝናብ መጥረጊያ ሲጠይቁን የነበሩ ሰዎች አሁን ከከተማ የመውጣት አምሮት ይዟቸዋል። ለዛሬ በቡድን ሆኖ ጥርጊያ መንገድ ስለመውጣት የተላኩ ሦስት ጥያቄዎችን መርጠናል። ሦስቱም ከመሃል አዲስ አበባ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ካዛንቺስ ነው የምሠራው። የቢሮ ጓደኞቼ የፊታችን ቅዳሜ በአምስት መኪና ሆነን በሰበታ በኩል መናገሻ ሱባ ጫካ እንወጣለን ብለዋል፣ እኔንም አስገብተውኛል። እነሱ ላንድክሩዘርና ሂሉክስ ነው የሚነዱት። እኔ ብቻ አሮጌ ግራንድ ቪታራ። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት እንጂ ከአስፋልት ወርጄ አላውቅም። አንዱ ጎማሽን በሙሉ ቀይሪ ይለኛል፣ ሌላው መኪናዋን ከፍ አስደርጊያት ይላል፣ ባለቤቴ ደግሞ ይቅርብሽ ባይ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?
የቪታራዋ ባለቤት

መልስ፦ እህቴ፣ ሂጂ። ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ።

መኪናሽን አትናቂያት። ከ2005 በኋላ የወጡት ግራንድ ቪታራዎች አብዛኞቹ አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ ነው የሚነዱት፤ ሎክ (የፊቱንና የኋላውን ጎማ የሚያስተሳስረው) እና ሎው (ቀስ ብሎ በጉልበት የሚያስኬደው) የሚባሉትን የምታስገቢበት ማዞሪያም አላቸው። ያንቺዋ ላይ መኖሩን እዪ። ካለ ወደ ሎው የሚገባው መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ቆማ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ነው። ይህን ዳገት ላይ፣ ከኋላሽ ሦስት መኪና ጡሩምባ እየነፋብሽ አትማሪውም። ሐሙስ ማታ ሰው ሲቀንስ ጠጠር ያለበት ግቢ ፈልገሽ ሦስት አራት ጊዜ አስገቢ፣ አውጪ። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ሎክ አድርገሽ አትንጂ፤ የፊቱና የኋላው እኩል እንዲዞር ስለሚገደድ ኩርባ ላይ ዕቃውን ያስጨንቀዋል።

ከፍ ማስደረጉን እርሺው። ለመጀመሪያ ጉዞ ብሎ ባሌስትራና ሞላ የሚያስቀይር ሰው የሚጠቅመው ጋራዡን ነው። ጎማም ቢሆን ጥርሱ ካላለቀና ጎኑ ካልተሰነጠቀ ይበቃሻል። ይልቅ ጎሚስታ ጋ ሂጂና የስኮርታውን ንፋስ አስለኪ፣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጎማው ፈንድቶ መንገድ ዳር ሲቆም ነውና። እዚያው ሳለሽ አራቱንም ጎማ አስፈትተሽ በእጅ መፍቻ መልሰው እንዲያጠብቁልሽ ንገሪያቸው። በማሽን የጠበቀ ቡሎን ጫካ ውስጥ በዚያች አጭር መፍቻ አይፈታም፣ ላብ ብቻ ነው። ክሪክሽም እንደሚሠራ ሞክሪው፤ ከሥሩ የምታስቀምጪው ጠፍጣፋ ጣውላም ያዢ፣ ለስላሳ አፈር ላይ ክሪክ ራሱ ይሰምጣል እንጂ መኪና አያነሳም። ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ ቺንጋ፣ ፍሬን፤ እነዚህን ለሜካኒክሽ ንገሪው፣ ያውቃቸዋል። ነዳጅ ዓርብ ቀን ሙዪ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰልፍ ላይ እንዳትገኚ።

አሁን ዋናው። ከመሄድሽ በፊት መኪናሽ በየት በኩል እንደምትጎተት እወቂ። ይህን ጥያቄ ለአምስቱም ሾፌር ብታቀርቢ ሁለቱ ዝም እንደሚሉ እርግጠኛ ነኝ። ተንበርክከሽ በባትሪ ከፊትና ከኋላ እዪ፤ ከሻንሲው ጋር የተያያዘ ወፍራም ቀለበት ወይም መንጠቆ ትፈልጊያለሽ። አንዳንድ መኪና ላይ ከመሣሪያው ጋር የተቀመጠ፣ ፓራውልቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍተሽ የምታጠብቂው መንጠቆ ይኖራል። እሱ በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ለመጎተት የተሠራ ነው፣ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ መኪናን በኃይል ለመንጠቅ አይሆንም። ቀጫጭኖቹ ቀለበቶች ደግሞ መኪናዋ በጭነት ስትጓጓዝ ማሰሪያ የነበሩ ናቸው፣ አትንኪያቸው። ከሁሉም የከፋው ተጎታች የሚታሰርባት ክብ ኳስ ናት። በየትኛውም አገር ከመንገድ ውጭ የሚነዱ ሰዎች የሚፈሯት እሷን ነው፤ ገመዱ ሲወጠር ከተበጠሰች እንደ ጥይት ትወረወራለች፣ በመስታወት አልፋ ሰው የገደለችበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድ ጎረምሳ ገመዱን ይዞ እየሮጠ "እዚህ ጋ እሰሪው!" ቢልሽ፣ አለቃሽም ቢሆን፣ እምቢ በይ። ሲጎተት ደግሞ ሾፌሮቹ ብቻ መኪና ውስጥ ይቅሩ፣ ሌላው ሰው ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። ገመዱን ተሻግሮ የሚሄድ፣ አጠገቡ ቆሞ ቪዲዮ የሚቀርጽ አይኑር። ቪዲዮ ቀራጭ መቼም አይጠፋም።

በተረፈ አብሮ መሄድ ማለት መከታተል ብቻ አይደለም። ከፊት መንገድ የሚያውቅ፣ ከኋላ ደግሞ ልምድና መሣሪያ ያለው ሰው ይሁን፣ አንቺ መሃል ግቢ። እያንዳንዱ ሾፌር ኃላፊነቱ ከኋላው ላለው መኪና ነው። መታጠፊያ ላይ የኋላሽ ሰው አንቺን እስኪያይሽ ትቆሚያለሽ፣ ሲያይሽ ትሄጃለሽ። ይህች አንዲት ደንብ ከተከበረች ኔትወርክ ቢጠፋም ሰው አይጠፋም። ዳገትና ቁልቁለት ላይ አንድ መኪና ብቻ ይግባ፤ የፊተኛው ጨርሶ ሳይወጣ ከሥሩ አትግቢ፣ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። አቧራ ሲኖር ርቀትሽን ጨምሪ።

ቪታራሽ ዳገት ላይ ብትደክምብሽ አትደንግጪ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጫካው ያለበት የወጨጫ ተራራ ደግሞ ጫፉ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። ነዳጅ ከመርገጥ ይልቅ ሎው አስገብተሽ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብለሽ ውጪ። ስትወርጂም በዚያው ማርሽ፣ ሞተሩ ይያዝልሽ። ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ የሚወርድ ሰው ታች ሲደርስ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ይለዋል።

አንድ ነገር ግን ጉዞውን ያሰርዛል። ዓርብ ሌሊት ዝናብ ከጣለ፣ መሄዱ ቢቀር ይሻላል። በዚያ አካባቢ ሜዳው ላይ ያለው ዋልካ ሲርስ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ጥርሱን ይሞላል፣ ከዚያ ላንድክሩዘርም ቪታራም እኩል ይሆናሉ። የመንገዱን ሁኔታና ሰላሙንም ከዋዜማው የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። በዚህ ወቅት እርሻው ሁሉ ሰብል ነውና ጭቃ ለመሸሽ ብሎ በጤፍ ላይ የሚያልፍ ሰው ካለ ከቡድኑ አስወጡት፣ ጨከንኩ አትበሉ፣ የዓመት እንጀራ ነው።

ጫካው ውስጥ ከገባሽ በኋላ ሞተሩን አጥፊና ትንሽ ቁሚ። ጥዱና ዝግባው ያረጀ ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛ አታጪም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሾፌር ነኝ፣ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ነው የምኖረው። ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ድንጋያማ መንገድ ሊወስደኝ ነው፣ በራሴ አሮጌ ላንድክሩዘር። ጎማውን ከ35 ወደ 20 ፒኤስአይ እናስተነፍሳለን ይለኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ንፋስ ሲጨመር እንጂ ሲቀነስ አላየሁም። ልጁ እውነቱን ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ግማሹን እውነቱን ነው።

ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው መሬቱን የሚነካበት ቦታ ይረዝማል፣ የበለጠ ይቆነጥጣል። ድንጋይ ሲያገኝም ከመዝለል ይልቅ እላዩ ላይ ይተኛል። ሰውም መኪናም ከመንገጫገጭ ይድናሉ፣ ጥርሱ በሚነካበት በኩልም ቶሎ አይበሳም። ለጠጠርና ለድንጋይ 25 አካባቢ ጥሩ ነው። ከዚያ በታች አሸዋ ላይ ነው የሚያስፈልገው። ስለታም ድንጋይ ባለበት ብዙ ከቀነሱ የጎማው ጎን ወደ ውጭ ይወጠርና ይቀደዳል፣ የጎን ቀዳዳ ደግሞ ጎሚስታም አያድነውም።

አሁን ልጅዎ ያላሰበውን ልንገርዎ። የድሮ ላንድክሩዘር ከሆነ ምናልባት ጎማዎ ካላማዳሪ ያለው ነው። እንደዚያ ከሆነ ብዙ አያስተንፍሱ። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው በቸርኬው ላይ ይሽከረከራል፣ ካላማዳሪውን አብሮ ይጎትትና መንፊያውን ይገነጥለዋል። ከ28 ባይወርዱ ይሻላል፤ ትርፍ ካላማዳሪም ከሶማሌ ተራ ገዝተው ይያዙ። ካላማዳሪ የሌለው ከሆነ ግን የልጅዎን ምክር በ25 ያስተካክሉለት።

የቀነሱትን ንፋስ ሳይመልሱ አስፋልት ላይ መፍጠን የለም፣ ጎማው ይግልና ይፈነዳል። ስለዚህ ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ የንፋስ መሙያ ከቡድኑ አንዱ ጋ መኖሩን ሳያረጋግጡ ማንም እንዲያስተነፍስ አይፍቀዱ። መለኪያ ግን የራስዎን ይያዙ፣ ልጆቹ በእግራቸው እየመቱ ነው የሚለኩት።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ነው ያለሁት፣ ተማሪ ነኝ። መኪና የለኝም፣ በጓደኛዬ መኪና ተጋብዤ ነው የምሄደው። ዝም ብዬ ልቀመጥ ወይስ የምረዳው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ ወንድሜ። ተሳፋሪ ሥራ አለው።

አስቸጋሪ ቦታ ላይ ወርደህ ሾፌሩን የምትመራው አንተ ትሆናለህ። አንድ ሰው ብቻ ይምራ። አምስት ሰው "ቀኝ! ግራ! ኧረ ቁም!" ሲል ሾፌሩ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ከመውረድህ በፊት የእጅ ምልክት ተስማሙ። ዓይኑን በምታይበት ቦታ ራቅ ብለህ ቁም፤ እሱን ካላየኸው እሱም አያይህም። ከቁልቁለቱ በታች በኩል፣ ወይም በመኪናውና በድንጋይ መካከል አትቁም።

ወንዝ ካጋጠማችሁ በእግር ሳይታይ አይገባም። ውሃው ከጎማው መሃል ካለፈ፣ ወይም ከጉልበትህ ላይ የሚገፋህ ከሆነ፣ ተመለሱ። ላይ ተራራው ላይ ከዘነበ ታች ፀሐይ ቢሆንም ወንዙ በድንገት ይሞላል፣ ስለዚህ ውሃው መደፍረስ ሲጀምር ምሳ ለመብላት ዳሩ ላይ አትቀመጡ።

ጃኬት፣ ውሃና የቆሻሻ ፌስታል ያዝ። ለሕፃናት ከሚሄድ መኪና ላይ ከረሜላ አትወርውር፣ ለቀጣዩ መኪና እየሮጡ ከጎማ ሥር ይገባሉ። የነዳጅ መዋጮህንም ሳትጠየቅ ስጥ፣ ሎው ላይ ሲነዳ ነዳጁ ይጠጣል።