ሰውና ዳይኖሰር በአንድ ዘመን ኖረው ያውቃሉ?

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት የልጅ ልጄን በጊዮርጊስ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ይዤው ሄጄ ነበር። ከሰማዕቱ ፈረስ እግር ሥር የተጠቀለለውን ዘንዶ አይቶ «አባባ፣ ይሄ ዳይኖሰር ነው አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሰዎች ከዳይኖሰር ሲሸሹ በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ የጎረቤት ልጅም የሰውና የዳይኖሰር ዱካ ጎን ለጎን የሚታይበት የአሜሪካ ፎቶ በስልኩ አሳይቶኛል። ስለዚህ ለሕፃኑ ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት አቃተኝ። ለመሆኑ አብረው ኖረው ያውቃሉ? ያ ሁሉ ሚሊዮን ዓመትስ በምን ይታወቃል?
(አንድ አያት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አስቀድመን ቁርጡን እንንገርዎ፤ ሰውና ዳይኖሰር በአንድ ዘመን ኖረው አያውቁም። የመጨረሻዎቹ ዳይኖሰሮች ከምድር የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሲሆን፣ የእኛው ዓይነት ሰው ከታየ ግን ገና 300,000 ዓመት ገደማ ነው።

ይህ ቁጥር እንኳን ለሕፃን ለአዋቂም አይጨበጥምና እርስዎ በሚያውቁት መንገድ እንለካው። ከጎንደር ፒያሳ ተነሥተን በባሕር ዳር በኩል ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 100,000 ዓመት ወደ ኋላ ይወስደናል እንበል። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩበት ዘመን ከቆምንበት አራት ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። የእኛ የሰዎች ታሪክ በሙሉ በሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ አዘዞ እንኳ ሳንደርስ ያልቃል። በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችውን፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን ድንቅነሽን የምናገኛት ማክሰኚት ሳንገባ ነው። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳርን፣ ደብረ ማርቆስን፣ የዓባይን በረሃና ፍቼን አልፈን 660ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስንደርስ የመጨረሻው ዳይኖሰር ይጠብቀናል። ከ230 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩትን የቀደሙትን ዳይኖሰሮች ለማግኘት ደግሞ አገር አቋርጠን እስከ ናይሮቢ አካባቢ መጓዝ ይኖርብናል።

ለእርስዎ ለጎንደሬው ከዚህ የበለጠ የሚቀርብ ማስረጃ ግን አለ፤ እርሱም የከተማዎ ድንጋይ ነው። ፋሲል ግቢ ገብተው የግንቡን ግድግዳ በእጅዎ ዳስሰው ከሆነ፣ የነኩት ባዛልት የሚባለውንና ከመሬት ሆድ ቀልጦ ወጥቶ የረጋውን ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በሰሜን ኢትዮጵያ ሰፊ አገር ላይ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሽንና የሰሜን ተራሮች በጠቅላላው የተገነቡት በዚያው ዘመን በተደራረበ ቅልጥ ድንጋይ ነው። ልብ ይበሉ፤ ያ እሳት ሲፈስ ዳይኖሰሮች ከጠፉ 36 ሚሊዮን ዓመት ያህል አልፏቸው ነበር። ጎንደር የቆመችበት ዐለት ራሱ ከመጨረሻው ዳይኖሰር በእጅጉ ያነሰ ዕድሜ ነው ያለው ማለት ነው፤ ስለዚህም በከተማዎ ዙሪያ የቱንም ያህል ቢቆፈር በዚህ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር አጥንት አይገኝም።

ከዚያ በኋላ የኖሩትስ እነማን ነበሩ? በመተማ መንገድ ጭልጋ ስንደርስ መልሱን እናገኛለን። በዚያ፣ ከባዛልቱ በላይ በተጋደሙ ንብርብሮች ውስጥ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል፤ ከእነርሱም መካከል የዝሆን ጥንታዊ ዘመዶችና በአፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች የነበሩት አርሲኖይቴሪየም የተባለ እንስሳ ይገኙበታል። ዳይኖሰር በመካከላቸው የለም፤ ሰውም የለም።

በአገራችን የዳይኖሰር ምልክት ለማየት ወንዞች ባዛልቱን ሰንጥቀው ወደ ታችኛው ዘመን የወረዱበት ቦታ መሄድ ያሻል። በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ ሲወርዱ በመስኮት ይመልከቱ፤ አናቱ ላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ ደግሞ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይታያል። ያ የኖራ ድንጋይ በዳይኖሰር ዘመን አገሩን ሸፍኖ በነበረ ባሕር ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ወደ ዓባይ ከሚገቡት ወንዞች አንዱ በሆነው በጀማ ሸለቆ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በረጋ የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። በዚያ ንብርብር የሰው አጥንት ወይም የሰው እጅ የሠራው ዕቃ ከቶ አልተገኘም፤ በዓለም ላይ በየትኛውም የዳይኖሰር ንብርብር እንደዚሁ።

ዕድሜው በምን ይታወቃል ላሉት፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው በካርቦን መለካትን ነው፤ ይሁንና ካርቦን ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ ላለው አያገለግልም። ለሚሊዮኖች የሚያገለግለው በእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ነው። ከፖታሲየም ውስጥ ጥቂቱ በማያወላውል ፍጥነት ወደ ሌላ ንጥረ ነገር፣ ከፊሉም ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ የዚህ ጥቂት ክፍል ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ከረጋ በኋላ ግን ውስጡ ይታሰራል። ስለዚህ የታሰረውን አርጎን ከቀረው ፖታሲየም ጋር በማነጻጸር ድንጋዩ ከረጋ ስንት ዘመን እንደሆነው ይሰላል። የድንቅነሽም ዕድሜ የታወቀው ከአጥንቷ ሳይሆን በሐዳር ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

የጎረቤትዎ ልጅ ያሳየዎት ፎቶ ቴክሳስ ውስጥ ከሚገኘው ከፓላክሲ ወንዝ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም፤ የዚህ ወሬ ምንጭ በአብዛኛው እርሱ ነውና። በዚያ ያሉት ረጃጅም ዱካዎች ዳይኖሰሮች በተረከዛቸው ጭምር ረግጠው የተዉዋቸው ናቸው፤ የሦስቱ ጣቶች ምልክት በደለል ስለተሞላ ከሩቅ ሲታዩ የሰው እግር ይመስላሉ። ከዚህም ሌላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ፣ በአሜሪካ የኑሮ ችግር በጸናበት ጊዜ፣ የአካባቢው ሰዎች የሰው ዱካ በድንጋይ ላይ እየፈለፈሉ ይሸጡ ነበር።

ስለ ዘንዶው ደግሞ፣ የልጅ ልጅዎ የጠየቀው በጎ ጥያቄ ነውና አይገሥጹት። ነገር ግን ሠዓሊው በነጩ ፈረስ፣ በጦሩና ዛፍ ላይ ሆና በምትመለከተው በብሩታዊት መካከል ዘንዶውን ያስገባው የሰማዕቱን ተጋድሎና የክፋትን መሸነፍ ሊያሳይ ነው እንጂ በዘመኑ የነበረ እንስሳ መልክ ሊያስቀር አይደለም። ሥዕሉን የአጥንት ማስረጃ ማድረግ ሥዕሉንም ሳይንሱንም ያሳንሳል ብለን እናምናለን።

አንድ ነገር ግን ሳንነግርዎ ብንቀር መልሳችን ጎደሎ ይሆናል። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሰማይ ዐለት ሜክሲኮ ውስጥ ወድቆ ምድርን ባጨለመ ጊዜ ከዳይኖሰሮች አንድ ወገን ተርፏል፤ እርሱም የወፎች ወገን ነው። ቻይና ውስጥ ላባ የነበራቸው ዳይኖሰሮች ቅሪተ አካል ከተገኘ ወዲህ ይህ ዝምድና የሚያጠራጥር አልሆነም። ለመጪው በዓል ዶሮ ስትበለት የልጅ ልጅዎን ያስጠጉት። እግሯን በእጁ ይዞ እንደ እንሽላሊት ቆዳ የተደረደረውን ቅርፊት ይዳስሰው፤ ከደረቷ ፊት ያለውን፣ እንደ ባላ የተሰነጠቀውን ቀጭን አጥንትም ያሳዩት። ያው አጥንት በሁለት እግራቸው ይሮጡ በነበሩት ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ደረት ላይ ተገኝቷል።