የዐረብኛ ታሪክ መጻሕፍትና ኮምፒውተር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኡስታዝ፣ ኮምፒውተር የቆዩትን የዐረብኛ የታሪክ ኪታቦች ይረዳቸዋል ወይ?

አይረዳቸውም። ይቆጥራል፣ ያነጻጽራል፤ ይህንንም አትናቁት። የታሪክ ጸሐፊው የዘሀቢ «የእስልምና ታሪክ» የተባለው መጽሐፍ ወደ 30,000 የሚጠጉ የሕይወት ታሪኮችን ይዟል። በአብዛኞቹ ላይ ሟቹ ያረፈበት ዓመትና ኒስባው፣ ማለትም የመጣበትን ቦታ የሚያመለክት መጠሪያው፣ ሰፍሯል፤ በግዳዲ ከባግዳድ፣ ነይሳቡሪ ከኒሻፑር እያለ። ማክሲም ሮማኖቭ የተባለ ተመራማሪ እነዚህን በኮምፒውተር ለቅሞ በዘመንና በቦታ ሲደረድራቸው፣ የሊቃውንቱ ክብደት ከኢራቅና ከኢራን ወደ ሶርያና ግብፅ ሲያዘነብል ይታያል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያ የታሪኩ እውነት ነው ማለት ነው?

ጥሩ ጠየቅሽ፣ እህቴ። ዘሀቢ ራሱ የደማስቆ ሰው ነው፤ ያረፈውም በ748 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1348) ነው። በቅርቡ ያሉትን አብዝቶ ቢያውቅ ምን ይገርማል? ስለዚህ ካርታው ዓለሙንም ደራሲውንም አንድ ላይ ያሳያል። ሁለቱን ለመለየት ሌላ ከተማ ላይ የተጻፈ መዝገብ አጠገቡ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርግ ካርታ የሚያወጣ ሰው ብዙ ነው፤ ውበቱ ያታልላል።

ጥያቄ፦ አንዱ ደራሲ ከሌላው መውሰዱንስ ያገኛል?

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ይህ ነው። ለንደን በሚገኘው የአጋ ኻን ዩኒቨርሲቲ «ኪታብ» (KITAB) የተባለ የምርምር ፕሮጀክት መጻሕፍቱን በ300 ቃላት እየከፋፈለ እርስ በርስ ያስተያያል። የታሪክ ጸሐፊው ኢብን አል-አሲር ሦስት መቶ ዓመታት ያህል ከቀደመው ከታሪክ ጸሐፊው ከጦበሪ ብዙ እንደወሰደ ሊቃውንት ድሮም ያውቁ ነበር፤ አሁን ግን የትኛውን ክፍል እንደያዘ፣ የትኛውን እንዳሳጠረና እንደዘለለ መከታተል ይቻላል። የዘለለው ብዙ ጊዜ ከያዘው የበለጠ ይናገራል። ግን ተጠንቀቁ፤ ሁለት መጻሕፍት ቢመሳሰሉ ሁለቱም ከጠፋ ሦስተኛ ምንጭ ቀድተው ሊሆን ይችላል። የቁርኣን አንቀጽና የታወቀ ሐዲስ ደግሞ በሁሉም ዘንድ ስለሚገኙ የመገልበጥ ማስረጃ አይሆኑም። ሌብነት የሚለውንም ቃል እንተወው፤ የቀደመውን ቃል በቃል ማስተላለፍ በዚያ ዘመን የዕውቀት አደራ ነበር።

ጥያቄ፦ ዐረብኛው ራሱ አያስቸግርም?

ያስቸግራል። አጫጭር አናባቢዎች አይጻፉም፣ መስተዋድዱና «እና» የሚለው ከቃሉ ጋር ይጣበቃሉ። ለምሳሌ ክ-ት-ብ የሚሉት ሦስት ፊደላት «ጻፈ»፣ «ተጻፈ» ወይም «መጻሕፍት» ተብለው ሊነበቡ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ሁሉም መጽሐፍ በኮምፒውተር ገብቷል?

የት ደርሶ! ከሚገኙት ብዙዎቹ ለሃይማኖት ትምህርት ተብለው የተተየቡ ስለሆኑ ሐዲስና ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሞልቷል፤ ሕክምናና ፍልስፍና ግን ሳስቷል። ፋርስኛ ከዐረብኛው በእጅጉ ያንሳል። «ይህ ቃል በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር» ከማለታችሁ በፊት ስብስቡን መርምሩ።

ጥያቄ፦ ፕሮግራም መጻፍ አልችልም፤ ከየት ልጀምር?

ከዐረብኛው፣ ወንድሜ። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በኋላ ይደርሳል። ኦፕን አይቲአይ (OpenITI) የተባለው የእነዚህ ጽሑፎች ስብስብ ከኢንተርኔት በነጻ ይወርዳል፤ አስቀድመህ በደንብ የምታውቀውን አንድ ኪታብ ክፈትና መሣሪያው የሚሰጥህን ውጤት በራስህ ንባብ ፈትነው።