መልስ፦ መርከቡ ከተማረከ ደመወዙስ?

«በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የንግድ መርከብ በጠላት ሲማረክ መርከበኞቹ ደመወዝ ያገኙ ነበር ወይ?» ላሉት፦ ወሳኙ ጭነቱ የት እንደተራገፈ ነው። ደንቡ «የደመወዝ እናቱ የጭነት ኪራይ (መርከቡ ዕቃ በማድረሱ የሚያገኘው ክፍያ) ናት» ይል ነበር፤ ኪራይ ካልተገኘ ደመወዝ አልነበረም። ከለንደን ተነሥቶ ሊዝበን ዕቃውን ያስረከበ መርከብ ሲመለስ ቢማረክ፣ እስከ ሊዝበን ያለው ይከፈል፣ የመልሱ ይቀር ነበር። ወራት ለፍቶ ባዶ እጅ መቅረት ነው፤ እጅግ ጨካኝ ደንብ!

እንግሊዝ ከሆላንድ ጋር በተዋጋችባቸው ጊዜያት ደግሞ የመርከበኛ እጥረት ሆነ። ባሕር ኃይሉ ከ1653 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሠለጠነ መርከበኛ በወር 24 ሽልንግ ሲከፍል፣ ነጋዴዎች ከዚያ በላይ ይሰጡ ነበር። ዕቃ በመርከበኞቹ ጥፋት ተበላሽቷል ብለው ግን ከደመወዝ ይቆርጡ ነበር። መርከበኞቹም ወጪ ለመጋራት በአንድነት የባሕር ጉዳዮችን በሚዳኘው አድሚራልቲ ፍርድ ቤት ይከሱ፣ መርከቡን ራሱን ያሳግዱ ነበር።