የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጨረር ሴንሰሩ ፍጥነቱን ለምን እጥፍ ያነባል?

ጥያቄ፦ በሞተር ሻፍት (በሚሽከረከረው ዘንግ) ላይ አንጸባራቂ ቴፕ ለጥፌ፣ በኢንፍራሬድ ሴንሰር በየሰከንዱ የሚመጡትን ፐልሶች (አጫጭር የኤሌክትሪክ ምልክቶች) ቆጥሬ በ60 አባዛለሁ። የሞተሩ ሰሌዳ በደቂቃ 1450 ዙር ይላል፤ መሣሪያዬ ግን አንዴ 1440፣ አንዴ 1500፣ አልፎ አልፎም 2880 ያሳየኛል። ጉድለቱ የሴንሰሩ ነው?

መልስ፦ ሴንሰሩን ከመቀየርዎ በፊት ሁለት የተለያዩ ችግሮች እንደገጠሙዎት ልብ ይበሉ። በ1440 እና በ1500 መካከል ያለው መዝለል የመጣው ከአቆጣጠሩ ነው፤ በአንድ ዙር አንድ ፐልስ ብቻ እየተገኘ ለአንድ ሰከንድ ሲቆጠር፣ የአንድ ፐልስ ልዩነት በንባቡ ላይ 60 ዙር ይሆናል። ከመቁጠር ይልቅ በሁለት ተከታታይ ፐልሶች መካከል ያለውን ጊዜ ቢለኩ ይሻላል። በ1450 ዙር አንዱ ዙር ወደ 41,379 ማይክሮሰከንድ ስለሚወስድ፣ አንድ ማይክሮሰከንድ የሚለይ ቆጣሪ ካለዎት ንባቡ ከአንድ ዙር በታች ያለውን ልዩነት ሳይቀር ያሳያል። 60 ቀዳዳ ያለው ዲስክ መግጠም ከቻሉ ደግሞ በሰከንድ የሚቆጠረው ፐልስ ራሱ በደቂቃ ያለው ዙር ነው።

እጥፉ ንባብ ግን የብርሃን ጉዳይ ነው። የተወለወለ ብረት ራሱ ያንጸባርቃል፤ በሻፍቱ ላይ የተቆረጠው የቁልፍ ማስገቢያ ቦይ ጠርዝ ወይም አንድ ጭረት እንደ ሁለተኛ ቴፕ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ከቴፑ ውጭ ያለውን የሻፍቱን ዙሪያ በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ይቀቡት። ይህም ካልበቃ ምልክቱ ከጨለማ ወደ ብርሃን ሲሻገር በኤሌክትሪክ ጩኸት (በምልክቱ ላይ በሚገባ ረብሻ) ምክንያት ሁለት ጊዜ እየተቆጠረ ሊሆን ስለሚችል፣ መነሻና መመለሻ ደረጃው የተለያየ የሆነ ሽሚት ትሪገር የሚባል ሰርኪዩት ከሴንሰሩ ቀጥሎ ያስገቡ። ተከታትለው የመጡ ፐልሶችን በፕሮግራም መጣልም ይቻላል፤ እኔ ግን ምንጩ ሳይታወቅ ይህን ማድረግ ጉድለቱን መሸፈን ነው እላለሁ።

ሻፍቱን አቁመውም ንባቡን ይመልከቱ። ቆሞ ሳለ 6000 አካባቢ ካሳየ የሚቆጠረው መብራቱ ነው፤ በ50 ኸርዝ የሚሠራ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅና ደብዘዝ ይላልና። ሴንሰሩን ከመብራቱ ይከልሉት፣ ወይም የራሱን ጨረር በከፍተኛ ፍጥነት እያበራና እያጠፋ የራሱን ብቻ የሚለይ ዓይነት ይጠቀሙ።

ቦታው ዘይት የሚረጭበት ከሆነ ግን ሌንሱን ሲጠርጉ ከመኖር በማግኔት የሚሠራ ሴንሰር ቢመርጡ ይሻላል።