ደም «ያመርታል» ወይስ «ያስመርታል»?

ጥያቄ፦ ስለ ኤሪትሮፖይቲን ሆርሞን ሁለት ጽሑፎች አነበብኩ። አንዱ «ደም ያመርታል፤ ካንሰር ያመጣል» ይላል። ሌላው «ደም ያስመርታል፤ ካንሰር ሊያባብስ ይችላል» ይላል። ልዩነቱ የአጻጻፍ ምርጫ ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ትክክሉ ሁለተኛው ነው።

ኤሪትሮፖይቲን ራሱ ደም አያመርትም። ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው በዋናነት ኩላሊት ይህን ሆርሞን ይለቃል። ቀይ የደም ሴሎችን የሚያመርተው ግን የአጥንት መቅኔ ነው፤ ሆርሞኑ ያዘዋል። «አስ» የምትለው ምዕላድ የገባችው ለዚህ ነው። ቤት የገነባና ቤት ያስገነባ አንድ አይደሉም።

«ያባብሳል» ላይ ትንሽ ልቆይ። ቃሉ የመጣው ከ«ባሰ» ነው። የሚብሰው ደግሞ ቀድሞ የነበረ ነገር ነው። ስለዚህ ግሡ ራሱ «ካንሰሩ አስቀድሞ አለ» ይለናል። የሕክምናው ነገርም ይኸው ነው። ሆርሞኑ በመድኃኒት መልክም ይሠራል፤ ይህ መድኃኒት ደም ማነስ ላለባቸው የካንሰር ታማሚዎች ሲሰጥ፣ በአንዳንድ ጥናቶች ዕጢው ቶሎ አደገ፤ የታማሚዎቹም ዕድሜ አጠረ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2007 እ.ኤ.አ. ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አደረገ። ግን አልከለከለውም። በኬሞቴራፒ ምክንያት ደም ላነሳቸው አንዳንድ ታማሚዎች ዛሬም ይታዘዛል። «ሊያባብስ ይችላል» የሚያሰኘው ይህ ነው። «ካንሰር ያመጣል» ብሎ መጻፍ ግን፣ ለኩላሊት ሕመሙ መርፌውን የሚወጋን ሰው በከንቱ ያስደነግጣል። ፈርቶ ቢያቋርጠውስ? ይህ በጣም ያሳስበኛል።

«የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያዳክማል» የሚል አጻጻፍም ያጋጥማል። እንዲህ ሲባል አንባቢ መላ ሰውነቱ ለጉንፋን የተጋለጠ ይመስለዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት የሚለው ሌላ ነው። የጉበት ካንሰር በያዛቸው አይጦች ዕጢው ራሱ ኤሪትሮፖይቲን ያመነጫል። ሆርሞኑ ዕጢው ውስጥ ያሉትን ማክሮፌጅ የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ይለውጣቸዋል፤ እነሱም ካንሰር ገዳይ ሴሎችን ያርቃሉ። ሆርሞኑ ለማክሮፌጆቹ የሚያደርሰው ትእዛዝ ሲቋረጥ ገዳዮቹ ገብተው ዕጢውን ተዋጉት።

እኔ ብሆን «በአይጦች ላይ፣ ዕጢው ውስጥ ያሉ የመከላከያ ሴሎች ካንሰሩን እንዳይዋጉ ሲያደርግ ታይቷል» ብዬ እጽፋለሁ። ረዘም ይላል፤ ግን የታየውን ብቻ ነው የሚናገረው።